የበረኛው ብርቱካን

ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ፍለጋ ሜዳ ሄጄ ነበር። ልጄ ቃልኪዳን ኮሌጅ ገብታ ለሴቶቹ ቡድን ትጫወታለች። ማልያ ለብሳ ከሩቅ ሳያት የእኔ ልጅ አትመስለኝም፤ ቀርባ "እማ" እስክትለኝ ድረስ የሰው ልጅ ናት።

የሄድኩት የምነግራት ነገር ስላለኝ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ ጡቴ ውስጥ ያለውን እብጠት ደጋግሞ ዳሰሰና ወረቀት ጽፎ "አዲስ አበባ ሄደው ቢታዩ ይሻላል" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግልኝ እፈራለሁ፤ ድሮም እፈራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እጄ እዚያው እብጠቱ ላይ አደረ።

ጠዋት ስወጣ ባሌ በር ላይ ያዘኝ። ቅዳሜ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታዋ እንደሆነ፣ ፈተናዋም እንደደረሰ ነገረኝ፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። "ጨዋታውም ይለቅ፣ ፈተናውም ይለቅ፤ ያኔ ትነግሪያታለሽ" አለ። ይቺን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የት እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ።

ሜዳው ዳር ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ልጆቹ አረፍ ብለው ብርቱካን እየላጡ ይሳሳቃሉ። የብርቱካን ልጣጭና የተረገጠ እርጥብ ሣር ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ቃል አይታኝ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እኔም አወዛወዝኩላት። ከዚያ ምንም ሳልነግራት ተነስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያን ሽታ ካሸተትኩ ወዲህ እያየሁ ያለሁት ልጄን አይደለም፤ አጎቴን ማቴዎስን ነው።

አጎቴ ማቴዎስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ የበኩር ናት፣ እሱ የመጨረሻ፤ በመካከላቸው የነበሩትን ሞት ወስዷቸው ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። አያቴ ከሶዶ ወዲያ ገጠር ትኖራለች። ማቴዎስ ሀዋሳ ኮሌጅ ሲደርሰው ግቢው መኝታ ሰጥቶት ነበር፤ እናቴ ግን "እህት እያለችው በሰው አልጋ አይተኛም" ብላ ባህል አዳራሽ ሰፈር ካለው ቤታችን አስገባችው። እቃ ያለበትን ክፍል ጠርጋ፣ የእኔን አልጋ ሰጥታው፣ እኔን ከራሷ ጋር አስተኛችኝ። አልተቀየምኩም። አልጋው ላይ የኮሌጅ ተማሪ የሚተኛለት ልጅ ሰፈር ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። አባቴ ገበያ ውስጥ የፍራፍሬ መደብ ነበረው። የኮሌጁ ቡድን ጨዋታ ባለው ቀን ለእረፍት የሚበላውን ብርቱካን የምናቀርበው እኛ ነን። ሥራው የእኔ ነበር። አባቴ ይመርጣል፣ እኔ አጥቤ በሰማያዊ ሳፋ አድርጌ፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ በራሴ ተሸክሜ ሜዳ እወስዳለሁ። እዚያ ደርሼ አራት አራት ቦታ እቆርጣለሁ። ፊሽካው ተነፍቶ ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ሲመጡ ሳፋዬን ይከቡታል። ያን ጊዜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው በከተማው የለም።

አጎቴ በረኛ ነው። እኔ ግን በረኛ ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሌሎቹ እንዳሻቸው ይሮጣሉ፤ እሱ ብቻ ሁለት እንጨት መካከል ቆሞ ይጠብቃል። መሐል ሲጨፈር እሱ ብቻውን ነው። የተቀጣ ነበር የመሰለኝ። ትምህርት ቤት የረበሸ ልጅ ጥግ ሄዶ እንደሚቆም፣ አጎቴም አንድ ነገር አጥፍቶ እዚያ ያቆሙት መሰለኝ። ምን እንዳጠፋ ልጠይቀው አፈርኩ። ስለዚህ ሁልጊዜ ትልቁን ብርቱካን ሳልቆርጥ ከሳፋው ሥር እደብቅለትና ቀስ ብዬ አቀብለዋለሁ። እሱ ደግሞ በጥፍሩ ልጦ ግማሹን መልሶ ለእኔ ይሰጠኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ብርቱካን በልቻለሁ፣ የዚያን ጣዕም ያለው ግን አላገኘሁም።

የጎሉ መረብ የዓሣ አጥማጆች መረብ ነበር። ኮሌጁ መረብ ስላልነበረው ልጆቹ ሐይቅ ዳር ወርደው አሮጌውን ለምነው አመጡት። መረቡ ቢታጠብም የቆሮሶ ዓሣ ሽታው አልለቅ አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይብስበታል። ታዲያ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ የሐይቅ ወፎች፣ ሸተታቸውና ከሐይቁ እየመጡ፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ ራሰ በራቸውን ደፍተው ከጎሉ ጀርባ ይደረደራሉ። ተመልካቹ በሳቅ ይሞታል። የከተማው ፋብሪካ ቡድን ደጋፊዎች የኮሌጁን ልጆች "እስክሪብቶ" ነበር የሚሏቸው፣ እግራቸው ቀጭን ነው ብለው። አባ ኮዳዎቹን ሲያዩ ደግሞ "የእስክሪብቶ መምህራን መጡ፣ ተነሱ" እያሉ ያሾፋሉ። አጎቴ የብርቱካን ልጣጭ እየወረወረ "እናንተ ደግሞ ደጋፊ ከሆናችሁ አጨብጭቡ" ይላቸዋል። እኔ ዳኛውና አባ ኮዳ ዘመድ ይመስሉኝ ነበር፤ ዳኛውም ራሰ በራ ነው፣ እሱም አይስቅም።

ከጨዋታ በኋላ በእግር ነበር የምንመለሰው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ጃካራንዳው መንገድ ላይ ይረግፋል። ባዶውን ሳፋ አጎቴ በራሱ ደፍቶ እንደ ባርኔጣ ያደርገዋል፤ እኔ ከኋላው እሄዳለሁ። ያገኘው ሰው ሁሉ ያቆመዋል፤ የሱቅ ሰው፣ የጫማ ሰው፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር። ያዳናትን ኳስ ደግሞ እንዲነግራቸው ይጠይቁታል፣ እሱም ይነግራቸዋል፤ ኳሷ በየጨዋታው ሳይሆን በየመንገዱ ከፍ እያለች ትሄዳለች። እኛ ቤት ስትደርስ የባህር ዛፍ ጫፍ ላይ ናት።

እናቴ አንድም ቀን ሜዳ ሄዳ አታውቅም። ኳስ ለእሷ የሰው እግር መስበሪያ ነው። ጨዋታ ባለ ቀን ቤት ውስጥ ሥራ ትፈጥራለች፣ ያልቆሸሸ ነገር ታጥባለች። ስንመለስ ቀድማ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች እየዘረጋች ታይለታለች። "እቴቴ፣ ጣቴን አንቺ ነሽ የምትሰብሪው" ይላታል። እቴቴ ነው የሚላት፣ ታላቁ ስለሆነች።

በዚያ ዓመት ኮሌጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሸነፈ። አቻ ወጣ፣ ደግሞ አሸነፈ። ለከተማው ዋንጫ አንድ ጨዋታ ቀረ፤ ከፋብሪካው ቡድን ጋር። አቻ ከወጡ ዋንጫው የኮሌጁ ነው፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር በረኛው ላይ ወደቀ። ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ያኔ ነው ከሶዶ አንድ ሰው የመጣው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰውየው ከአባቴ ጋር አጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በወላይትኛ ያወራል። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ጓዳ ስገባ እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ከፊቷ የተከመረው ሽንኩርት የሠርግ እንጂ የእኛ ቤት አይመስልም። ድግስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የለም አለችኝና ሌላ ሽንኩርት አነሳች።

አያቴ ሞታ ነበር። እኔ ያወቅኩት ከዋንጫው በኋላ ነው፤ አጎቴም እንደዚያው። ሌላው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው እናቱ ስትሞት ድንገት አይነገረውም፤ ይጠበቅለታል፣ ልቡ እንዳይሰበር ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። ተማሪ ሲሆን ደግሞ ፈተናው ይጠበቃል። አባቴና የእድሩ ሽማግሌ ጋሽ ዳንጊሶ መክረው ወሰኑ። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሲናገር እኔው ራሴ ሰምቼዋለሁ፤ "ጨዋታውም ይለቅ፣ ፈተናውም ይለቅ" ሲል። ስለ ኳስ ብቻ የሚያወራ ነበር የመሰለኝ።

በማግስቱ እናቴ ቅቤ ልገዛ አርሲ ነገሌ እሄዳለሁ ብላ በማለዳ ወጣች። ቀናት ቆይታ ተመለሰች። ድምፅዋ ተዘግቷል፤ አባቴ የመንገድ አቧራ ነው አለን። አጎቴ ዘንቢሏን ገልጦ አይቶ፣ "እቴቴ፣ ቅቤው የታለ? መንገድ ላይ ተቀባሽው እንዴ?" ብሎ ቀለደ። እናቴ ሳቀች። ከእናቷ መቃብር ነበር የተመለሰችው። ያን ሳቅ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተለወጠ። ለእኔ ግን የተለወጠው ወደ ደግ ነበር። አባቴ ለአጎቴ ከራሱ ሳህን ሥጋ እያነሳ ያጎርሰዋል። ጎረቤቶች ያለወትሯቸው እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፣ ሲያዩት ዓይናቸው ይንከራተታል፣ ደህና ነህ ወይ ብለው ሁለቴ ሦስቴ ይጠይቁታል። የቡድኑ አሰልጣኝ እቤት ድረስ መጥቶ ትከሻውን ሲዳብሰው ዋለ። እኔ በረኛ መሆን ቅጣት አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለካ ትልቅ ሰው ኖሯል አልኩ። ኩራቴ ልክ አጣ።

አንድ ቀን እራት ላይ አጎቴ እጁን እየታጠበ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ዋንጫውን ከኮሌጁ ለምኜ ሀገር ቤት ይዤ እሄዳለሁ አለ። "እማዬን በዋንጫው ወተት አጠጣታለሁ። ከዚያ ትሙት፣ ግድ የለኝም።" እንዲህ ብሎ ሳቀ፤ ልጅ በሕይወት ባለች እናቱ እንደሚቀልደው ነው የቀለደው። አባቴ የመጨረሻ ቁራሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ቢላዋው ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማኛል። እራት በልተን ጨርሰናል፤ ወጥ የሚሠራ የለም።

ከዚያ ጋሽ ዳንጊሶና ሁለት የእድር ሰዎች መጥተው ግቢያችንን በእርምጃ ለኩ። ድንኳን ሊተክሉ ነው። እኔ ወዲያው ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባቴን ድንኳኑ ለዋንጫው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ ቁልቁል አየኝ። "አዎ፣ ለዋንጫው ነው" አለኝ፤ "ግን ለአጎትሽ እንዳትነግሪ፤ ሳያስበው ይሁን።" አልነገርኩትም። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምስጢር የለም። አጎቴን ባየሁት ቁጥር አፌን በእጄ ይዤ እስቃለሁ። "ይቺ ልጅ ምን አግኝታ ነው?" ይላል፣ አብሮኝ ይስቃል።

የጨዋታው ቀን ሜዳው ዙሪያውን ሰው ብቻ ነበር። ዛፍ ላይ ሰው፣ አጥር ላይ ሰው። ከጎሉ ጀርባ አባ ኮዳዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ኮሌጁ ቀድሞ አገባ፣ ፋብሪካው መለሰ። እረፍት ሊደርስ ሲል ከማዕዘን የተመታች ኳስ ለመያዝ አጎቴ ዘለለ፤ የፋብሪካው አጥቂም ዘለለ። የሰውየው ጉልበት ግንባሩን ሲመታው እኔ ካለሁበት ድምፁ ተሰማኝ። ወደቀ። ደም አየሁ። አልተነሳም።

ሳፋውን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ የለችም። እትዬ ዘነበች ቤት በአጥር አጮልቄ አየሁ፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ እናቴ ቀን ቀን እዚያ ነበር የምትውለው፣ አሟቸው ነው ተብዬ። ስገባ እትዬ ዘነበች ደህና ናቸው። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መሐል እናቴ ናት፤ ነጠላዋ አንገቷ ድረስ ወጥቷል፣ ጉልበቷን አቅፋ ያለ ድምፅ ትወዛወዛለች።

"እማዬ፣ አጎቴ ወደቀ" አልኳት። "ደም አለው። አይነሳም።"

እናቴ ተነስታ ሮጠች፤ አንዱ እግሯ ላይ የራሷ ጫማ፣ አንዱ ላይ የእትዬ ዘነበች። እናቴ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስትለምን የነበረው አንድ ነገር ነው፤ "ሁለቱን በአንድ ሰሞን አይሆንም፣ አይሆንም" እያለች።

ደርሰን ስናይ እረፍት ሆኗል፤ እሱ ቆሟል። ግንባሩ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ማልያው ደም ነክቶታል፣ አሰልጣኙ ውጣ ይለዋል፣ እሱ አልወጣም ይላል። እናቴ ሰውን ገፍታ፣ መስመሩን አልፋ፣ ጎሉ ቋሚ ጋ ደረሰች። አየችው። ጣቶቹን አየች። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች።

እሱም አያት። ሜዳ ረግጣ የማታውቅ እህቱ መጣች ብሎ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለው፣ ሳቀላት። ከዚያ ዓይኑ ከፊቷ ወደ አንገቷ ወረደ። እዚያ ቀረ።

የነጠላ ጥለት ወደ ታች ሲሆን ደህና ቀን ነው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት ጋ ሲሆን ሐዘን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ እኔም አውቅ ነበር፤ በሩጫ የተዘበራረቀባት መስሎኝ ነው እንጂ። እናቴ አዝና ከተቀመጠችበት እንዳለች ነው የተነሳችው። መንገድ ላይ ሰው እንዳያይባት የምትጠነቀቅላት፣ ከእትዬ ዘነበች ቤት ስትወጣ በር ላይ ሁልጊዜ የምታስተካክላት ነጠላ፣ ያን ቀን በድንጋጤ ተረሳች።

አጎቴ ዞሮ ዙሪያውን አየ፤ አባቴን፣ አሰልጣኙን፣ ጋሽ ዳንጊሶን። ሁሉም መሬት አዩ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጎሉ ገባና በሁለቱ እንጨት መካከል ቆመ። ብርቱካን ወሰድኩለት፣ ትልቁን። ያዘው እንጂ አልላጠውም።

ከእረፍት በኋላ ስለነበረው ሰው ብዙ አወራ። እኔ የማስታውሰው ዝምታውን ነው። ሌላ ጊዜ እየጮኸ ጓደኞቹን ያዛል፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ይጣላል። ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። ኳስ ስትመጣ ይይዛታል፣ ደረቱ ላይ አድርጎ አቅፏት ከሚገባው በላይ ይቆያል፣ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋበት ይለቃል። አንዲት ኳስ አላለፈችውም። አቻ ወጡ። ዋንጫው የኮሌጁ ሆነ።

ልጆቹ ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ሲከቡት በመሐላቸው አልፎ ወደ እናቴ መጣ። እናቴ እዚያው ቋሚው ጋ ነበረች። ፊት ለፊቷ ቆሞ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ፣ ከአንገቷ አነሳው፣ ገልብጦ ጥለቱን ወደ ታች አደረገላት። ትከሻዋ ላይ አስተካከለው፣ እናት ለልጇ እንደምታስተካክል።

"ነፋሱ ገልብጦብሻል፣ እቴቴ" አላት።

ነፋስ አልነበረም። ከዚያ ልጆቹ መጥተው ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ እሱም ዋንጫውን ከፍ አደረገላቸው። የፋብሪካው ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በእግር ኮቴ ነቃሁ። ድንኳኑ ተተክሏል። በደስታ ዘልዬ ተነሳሁና አጎቴ ክፍል ሮጥኩ። ዋንጫውን ለአንድ ሌሊት አውሰውት ራስጌው ነበር። እሱ ግን አልተኛም፤ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዋንጫው ድንኳኑ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅኩት። "አንቺ ያዢው፣ አስቱ" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ ማቴዎስ፣ ሰው እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል" ብለው ጀመሩ፣ ስለ አዳምም ስለ አብርሃምም ተናገሩ፣ የአያቴን ስም እስኪደርሱ ዙሪያውን ዞሩ። አጎቴ አላቋረጣቸውም። ሸክማቸው ከባድ መሆኑን አውቆላቸው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና በመሐላቸው አልፎ ጓዳው በር ላይ ወደቆመችው እናቴ ሄደ። ነጠላዋን አሁን በግልጽ አዘቅዝቃለች።

"እቴቴ" አላት። "አንቺ እስከ ዛሬ የት ነበር የምታለቅሺው?"

እናቴ "ዘነበች ጋ" አለች። "ሌላውን ደግሞ ሽንኩርት እየላጥኩ።"

ያኔ ነው የጮኸው። ያ ሁሉ የተሰበሰበ ሰው ለእናቱ አለቀሰ ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ ከአጠገቡ ዋንጫውን አቅፌ ቆሜ ነበር፤ ዓይኑ ያረፈው እህቱ ላይ ነው።

ሐዘኑ ብዙ ቀን ተቀመጠ። እኔ ያለኝ ሥራ ያው ስለነበር በሰማያዊው ሳፋ ብርቱካን ቆርጬ ድንኳን ውስጥ አዞርኩ። ለቅሶ ቤት ብርቱካን አይዞርም፤ የከለከለኝ ግን የለም፤ ሽማግሌዎቹም ተቀበሉኝ። የአጎቴን ከሥር ደብቄለት ነበር። ላጠውና ግማሹን ሰጠኝ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ለሌላ ሰው የማይሰማ ያህል ቀስ ብሎ አወራኝ። ለልጅ አይነገርም ነበር፤ ለልጅ ስለሆነ ይሆናል የነገረኝ።

"ለእኔ ብለው ነው፣ አልቀየማቸውም" አለኝ። "ግን ያን ሁሉ ቀን ስስቅ ነበር አስቱ። እናቴ ሞታ እየሳቅኩ ነበር፣ እነሱም ስስቅ ያዩኛል። እቴቴ አጠገቤ እያለች ብቻዋን ነበረች። ቢነግሩኝ ያን ኳስ እለቀው ነበር ብለው ነው። አልለቀውም ነበር። አውቄም አልለቀቅኩትም።"

ልጣጩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሽታው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ያን ዓመት እናፍቀዋለሁ። ክፉው ሁሉ ያለበት ዓመት ነው፣ ግን እናፍቀዋለሁ። ሳፋውን ባርኔጣ አድርጎ ከፊቴ የሚሄደውን ሰው፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ የምትቆጥር እናቴን። እናቴም የለችም አሁን። ለአንድ ቀን ብቻ ቢመልሱልኝ፣ ጓዳ ገብቼ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ ክምር ሽንኩርት አንዱን አንስቼ አብሬያት እልጣለሁ።

ከማክሰኞ ወዲህ ቃል ሁለቴ ደውላለች። ስትስቅ እሰማታለሁ። ቅዳሜ መጥቼ እንዳያት ትለምነኛለች፣ ጓደኛዋ ስላደረገችው ነገር ትነግረኛለች፣ ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ትናንት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ሳቅ የማን እንደሆነ አወቅኩት። "ቅቤው የታለ" ሲባል የተሳቀው ሳቅ ነው። ጓዳዬን ዞሬ አየሁ። መክተፊያው ላይ የተከተፈ ሽንኩርት ነበር፤ ለማን እንደከተፍኩት አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ለልጃችን ልነግራት እንደሆነ ለባሌ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ለልጁ ብሎ ነው። ብትሸነፍስ አለኝ። ብትሸነፍ አውቃ ትሸነፍ አልኩት። እፈራለሁ፤ አዲስ አበባን እፈራለሁ፣ ሐኪሙን እፈራለሁ፣ ከሁሉ ከሁሉ የልጄን ፊት እፈራለሁ። ግን ከገበያ ብርቱካን ገዝቼ ባጃጅ ያዝኩ።

ልምምዳቸውን ሳይጨርሱ ደረስኩ። ቃል ከሩቅ አይታኝ እጇን አወዛወዘች። ያ ድንጋይ ላይ አልተቀመጥኩም። መስመሩን አልፌ ሣሩን ረግጬ ገባሁ፤ አሰልጣኟ ዞር ብላ አየችኝ። ልጄ እየሮጠች መጣች፣ ሳቋ ፊቷ ላይ ነው፣ ጠጋ ስትል ቀነሰችው።

"እማ፣ ምን ሆነሻል?"

ከዘንቢሉ ትልቁን ብርቱካን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ነይ ቁጭ በይ" አልኳት። "እየላጥን እነግርሻለሁ።"